ሳይበርድ አይከፈትም

አጎቴን የቀበርን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ «እጁ ወርቅ ነበር» ያለ ስድስት ሰው ቆጥሬአለሁ። ሰባተኛው አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ገባ፤ ከእድሩ ወንበሮች አንዱን ስቦ ተቀመጠ፤ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እጅ ነበረው፣ እጅ!» አለና ንፍሮውን ዘገነ።

ልቅሶ ቤት ሙግት ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል እስከ አስራ ሁለተኛ ድረስ ክረምት ክረምቱን በአጎቴ በጋሼ ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። የማስታውሰው እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪስ ውስጥ ነበር። ወይ ሻይ ይዟል፤ ወይ ከጀርባ ታስሯል። ጋሼን መካኒክ ያደረገው እጁ አይመስለኝም። ሌላው መካኒክ ቁልፍ በሚያነሳበት ሰዓት እሱ እጁን መሰብሰብ መቻሉ ነው። ይህን ድንኳን ውስጥ ብናገር ሰነፍ ነበር ያልኩ ይመስላል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ጋራዡ ዓለም ገና ነበር፤ የጅማና የቡታጅራ መንገድ ከሚለያዩበት ብዙም አይርቅም። አሁን ሰፈሩ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልሏል፤ ያኔ ግን ከአየር ጤና ታክሲ ይዘን «ከከተማ ወጣን» የምንልበት ቦታ ነበር። ጋራዥ ስል የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ፣ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ፣ ሞርሳ የተመታበት አንድ ወፍራም ጠረጴዛ ማለቴ ነው። መሬቱ የሠላሳ ዓመት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ቀና ስትል ግን ወጨጫ አለ። ከ3,300 ሜትር በላይ ያለው ያ ተራራ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ጫፍ በላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጋሼ ሥራ የሚጀምረው እሱን አይቶ ነው። ጫፉ በደመና ከተሸፈነ ቀለም የሚቀባ መኪና ወደ ውጭ አይወጣም።

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ሳላውቀው ጣሊያንኛ የተማርኩት። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ወታደሩ ሲወጣ ቃሉ ቀረ። ከቃሉ ጋር አንዳንድ መካኒኩም ቀርቶ ጋራዥ ከፈተ። ጋሼም ሙያውን የጀመረው ፒያሳ አካባቢ በአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መኪና በማጠብ ነው። ካንዴላ፣ ያ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ዕቃ፣ በጣሊያንኛ ሻማ ማለትም መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሰማሁና እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኩት። ቀና እንኳ አላለም። «እና ምን ሊሆን ኖሯል? ያበራል አይደል?» አለኝ።

የግራ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ድረስ የተጨማደደና የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነበረበት። ደንበኞቹ ስለ ትዕግሥቱ ሲያወሩ ከተፈጥሮው ወይም ከጸሎቱ ያያይዙታል። እኔ ግን ትዕግሥቱ የመጣው ከዚያ ክንድ ነው ባይ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ፊያት ኤንትሬ ዳገት ወጥቶ እየጨሰ ጋራዡ ገባ። ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ጣሊያኑ የለም። ጋሼ ሰው ልርዳ ብሎ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን አዞረው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 92 ገደማ ላይ ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፤ ውሃውን የሚጫነው ነገር ትንሽ ነው። የራዲያተር ክዳን ሥራ ውሃው እንዳይደፋ መክደን ብቻ አይደለም። ውስጡን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፤ በግፊቱ ምክንያት ውሃው 100 አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ስታላቅቅ ያ ግፊት በአንዴ ይለቃል። እስከዚያች ቅጽበት ውሃ የነበረው ነገር እዚያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ጋሼ ፊቱን ማዞር ቻለ፤ ክንዱን ግን አላተረፈም። ጣሊያኑ ሲመጣ አልጮኸበትም አሉ። ቅባት ቀባው፤ በሳምንቱ ደግሞ አንድ የጋለ መኪና አጠገብ ወንበር አስቀምጦ «ተቀመጥ፤ ራዲያተሩን በእጅህ ይዘህ መቁጠር ስትችል ንገረኝ» አለው።

«ሳይበርድ አይከፈትም» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። እኛ ቤት ለራዲያተር ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። እናቴ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ እያጉረመረመች ስትመጣ ይላታል። በውርስ የተካረሩ ዘመዶች ሊያስታርቃቸው ሲጠሩት ይላል። ባለቤቱ ድስቱን ልታማስል ስትነሳ እንኳ ለማናደድ ይላታል።

መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን አያስነሳም። መጀመሪያ ሻይ ይታዘዛል። ከዚያ ሦስት ጥያቄ። መቼ ጀመረ? ሲሞቅ ነው ወይስ ሲበርድ? ሦስተኛው፣ ደንበኛው ሁሌ የሚያፍርበት ጥያቄ፤ ማን ነካው? ግማሹን ብልሽት የሚያገኘው በሦስተኛው ነው ይል ነበር። መኪና በራሱ ከሚበላሸው የተነካው ይበልጣል።

አንድ ነጭ ዲኤክስ ትዝ ይለኛል። ባለቤቱ መኪናውን ከድሬዳዋ ነው የገዛው። እዚያ እንደ ሰዓት ሲሠራ ነበር፤ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ይጨርሳል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ሁለት ጋራዥ ዞሯል። አንዱ ካንዴላ ቀይሯል፤ ሌላው ሞተር ይውረድ ብሎ ዋጋ ቆርጧል። ጋሼ ሻዩን ጨርሶ አንድ ካንዴላ ብቻ አስፈታኝና ፀሐይ ላይ አዟዙሮ አየው። ጫፉ እንደ ኩራዝ ጥላሸት ጥቁርና ደረቅ ነው። በጣቱ ነካው፤ ብን አለ። «ዘይት ቢሆን ይረጥብ ነበር። ይሄ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ ዳገት ወጥቶ ትንፋሽ አጥሮት ነው» አለ።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እኛ የዚያ እጥፍ ላይ ነን። ባሕር ወለል ላይ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር አዲስ አበባ ላይ ያለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም፤ ዝቅተኛ ቦታ በተለካለት ቀዳዳ ያንኑ ቤንዚን ያንቆረቁራል። አየር ሲያንስና ቤንዚን ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል። ጋሼ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ማሳለፊያ አውጥቶ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው ፈልጎ ገጠመ። አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ስለነበር ሰውየው ተጠራጠረ፤ «በቃ? ሌላ ምንም አይነካም?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ለተፈታ ብሎን ይከፍላል እንጂ ላልተፈታ አይከፍልም። ጋሼ ደሃ ሆኖ የሞተው ለዚህ ነው። በጋራዡ ትይዩ የከፈተው ሰውዬ ያገኘውን ሁሉ እያወረደ እየጠገነ ፎቅ ሠራ። የጋሼ ባለቤት ይህን ፎቅ በየቀኑ ነው የምታሳየው። እሱም በየቀኑ እያየ «ጥሩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይጥልልናል» ይላታል።

እኔ ግን የእሱ ተማሪ ሆኜም ቸኩያለሁ። አንድ ቅዳሜ አንዲት መምህርት ቮልስዋን አምጥታ፣ ከሰዓት ደብረ ዘይት ሰርግ አለብኝ አለች። ጋሼ ዕቃ ሊገዛ መርካቶ ሄዷል። የሚሰናዳው ካንዴላና ቫልቭ ነው፤ ሲሠራ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ሞተሩ ገና ከመንገድ የመጣ ትኩስ ነው። የቮልስ ቴስታታ፣ ማለትም ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ አሉሚኒየም መሆኑን፣ አሉሚኒየም ሲግል እንደሚላላና ጥርሱ ከብረቱ ካንዴላ ጋር ተነክሶ እንደሚወጣ በቃል አውቀዋለሁ። የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ እሱም ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ድንጋይ ሲመስል ብቻ እንደሚለካም አውቃለሁ። ማወቅና መጠበቅ ግን የተለያዩ ሆኑብኝ። ሦስተኛውን ካንዴላ ስፈታ ቁልፉ መጀመሪያ ጠነከረ፤ ቀጥሎ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ለሰለሰ። ያን ልስላሴ እስካሁን በእጄ አስታውሰዋለሁ። ካንዴላው የቴስታታውን ጥርስ ልጦ ይዞት ወጣ።

ጋሼ ሲመጣ አየው፤ እኔን አየኝ፤ ሻይ አዘዘ። ለሴትዮዋ ታክሲ ጠርቶ ከኪሱ ከፈለ። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ማምሻውን ሞተሩን አወረድነው፤ የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ነው የተያዘው፤ ለሁለት ሰው ከባድ አይደለም። ሰኞ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስደን አዲስ የብረት ጥርስ አስገባንለት። በመንገድ ላይ «ጋሼ፣ ለምን አትቆጣኝም?» አልኩት። «አሁን ትኩስ ነህ» አለኝ። የተቆጣኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ያውም ስለ ቮልሱ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ስለነበረ አንድ ካቻቢቴ።

ስለ ትዳሩ፣ በደርግ ጊዜ በላዳ ታክሲ ጥገና ስለኖረበት ዘመን ብዙ የምለው የለኝም፤ እሱም አይናገርም ነበር። እሑድን ግን መናገር አለብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ሌላ ሰው ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሐራጅ እንደ ቁራጭ ብረት የገዛት የናፍጣ ላንድሮቨር ነበረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቶ አስነሳት፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ አልተጠቀመባትም። ተራራ ብቻ። አሮጌ ካፖርቱን ይለብሳል፤ ፔርሙዝ ሻይ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ገመድ፣ አንድ ባልዲ ይጭናል። ከዚያ ከሰበታ ወደ ሱባ የሚወጣውን ኮረኮንች እንይዛለን። የመናገሻ ሱባን ጫካ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። እዚያ ያሉ ጽዶች ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ናቸው። ጋሼ መጀመሪያ የሚያደርገው መኪናዋን አጥፍቶ ኮፈኑ ላይ ጀርባውን ደግፎ ሩብ ሰዓት መቆም ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ነው ይላል። የሚቀዘቅዘው ግን ጫካው ነው። እኛ በሞተር ድምፅ ያስደነገጥነው ሁሉ ቀስ እያለ ይመለሳል። መጀመሪያ ወፎቹ፤ ከዚያ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያወዛወዙ ከዝግባ ወደ ዝግባ ይዘላሉ። አንዳንዴ፣ ዕድለኛ ከሆንን፣ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ወንድ የምኒልክ ድኩላ ከአስታው ሥር ብቅ ይላል።

ጠመንጃ አልነበረውም። እሳትም ጫካ ውስጥ አያነድም፤ ሻዩ በፔርሙዝ የሚሄደው ለዚያ ነው። የወደቀ ቅርንጫፍ ለዱላ ሲያነሳ እንኳ ሲመለስ እዚያው ይጥለዋል። የአካባቢው ገበሬዎች ኦሮምኛውን እየቀለዱበት እርጎ ይሰጡታል፤ እሱ የወፍጮ ሞተራቸውን ያይላቸዋል። በእነሱ ዘንድ ስሙ «ሻይ የሚጠጣው መካኒክ» ነበር።

አንድ ጳጉሜ ላይ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ከጫካው በላይ ወደ ወጨጫ ጫፍ ወጣን። ጠዋት ጠርቶ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ደመናው ከታች ወደ ላይ መጣና ዋጠን። የዘረጋሁት እጅ አይታየኝም። መንገዱ በስተቀኝ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ስንወጣ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ምልክት አድርጌአለሁ። «እንሂድ» አልኩ። ጋሼ ካፖርቱን አንጥፎ ተቀመጠ። ለመንኩት። አኮረፍኩ። በረዶ ጣለብን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሎ እየቆረጠመ ተቀመጠ።

ደመናው ሲገለጥ መንገዱ በስተቀኝ ነበር፤ እኔ ካልኩት ቦታ ላይ፣ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ድንጋዩም ቁጭ ብሏል። ብርድ ልቤ ውስጥ ገብቶ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ልክ ነበርኩ!» ብዬ ጮህኩበት። ጋሼ ካፖርቱን አራገፈና ሳቀ። «አዎ ልክ ነበርክ። ልክ መሆንህን ግን አሁን ነው ያወቅኸው» አለኝ። ያን ቀን በጣም ጠልቼው ነበር።

በቡታጅራ መንገድ ሲወረድ ደግሞ አዋሽ መልካ አለች፤ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ጋሼ አምባዛ ሊያጠምድ ነው የሚሄደው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳያጠምድ ነው የሚመለሰው። ከዕለታት አንድ ቀን የናፍጣውን መጠን በእንጨት መለካት የእኔ ሥራ ነበርና ረሳሁት (የላንድሮቨሯ መቁጠሪያ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው)። ልንደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ቆመች። በጄሪካን ናፍጣ አመጣሁ፤ ጨመርን፤ አትነሳም። ናፍጣ ሞተር እንዲህ ነው። ቤንዚን ብትጨርስ ሞልተህ ትሄዳለህ፤ ናፍጣ ሲያልቅ ግን መስመሩን አየር ይሞላዋል፤ ፖምፓው አየር ይጨምቃል እንጂ አይገፋም። ጋሼ የፊልትሮውን ብሎን በግማሽ ዙር አላላና በእጅ የሚገፋውን ምላስ እንድጫን አዘዘኝ። አረፋ ወጣ፤ ደግሞ አረፋ፤ ደግሞ። «ጠራ» ባልኩ ቁጥር «ቆይ» ይለኛል። በመጨረሻ አረፋ የሌለው ቀጭን ናፍጣ እንደ ክር ሲወርድ ብሎኑን አጠበቀ። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያለውን፣ ከዚያ የመጨረሻውን። በሁለተኛው ቁልፍ ተነሳች።

ዓሣው ቀረና መልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ገባን። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መጥረቢያዎች እዚያ አሉ፤ ቦታው የጥቁሩ ድንጋይ መገኛ ከሆነችው ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያኔ ግን ከእኛ በቀር ጎብኚ አልነበረም። ጋሼ አንዱ ጥቁር የባልጪት ድንጋይ ፊት እጁን ከጀርባው አስሮ ለረጅም ጊዜ ቆመ። በሁለቱም ጎን ቅርፊት በቅርፊት ተጠርቦ ጫፉ ሹል የሆነ፣ መዳፍ የሚያህል ነው። አስጎብኚው ስለ ዕድሜው ሲያብራራ ጋሼ አቋረጠው። «እዚህ ጋ፤ አንድ ጊዜ ቢመታው ለሁለት ይሰበር ነበር። የት እንደሚያቆም ያውቃል» አለ። ስለ ድንጋዩ ጠራቢ የሚያወራው በአሁን ጊዜ ነበር፤ ማዶ ሰፈር እንዳለ ቶርኖ ሠራተኛ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጋራዡ ጭር አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሎ፣ ሰፈሩ ድምፅ በሌላቸው መኪናዎች መሞላት ጀመረ። ጋሼ የሚያዳምጠው ነገር አጣ ብዬ አዘንኩ። አንድ ጠዋት የአንድ ጎረቤት ልጅ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ በሙሉ ሞታ፣ በሯ እንኳ በቁልፍ በስንት መከራ ተከፍቶ፣ ተገፍታ መጣች። ልጁ የመጣው ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው። ጋሼ ኮፈኑን አስነስቶ አየ። ወፋፍራሞቹን ብርቱካናማ ገመዶች አየ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለኝ፤ ከፍተኛ ቮልት ተሸካሚዎች ናቸው፣ ሰው ይገድላሉ አልኩት። ወዲያው እጁ ኪሱ ገባ። ሻይ ታዘዘ።

መቼ ጀመረ? ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ማን ነካው? ልጁ ሦስተኛው ላይ አፈረ። ሙዚቃ ለማስከፈት ተጨማሪ ማጉያ አስገጥሞ ሌሊቱን ሳያጠፋው አድሯል። ጋሼ አሰበ። «ይሄ ማጉያ ኃይሉን የሚወስደው ከየት ነው? ከነዚህ ከብርቱካኖቹ?» አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ዲኤክሱ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላት፤ መብራቷን፣ ቁልፏን፣ ኮምፒውተሯን የምታስነሳው በእሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትነቃም። ጋሼ በሠላሳ ዓመት ቻርጀሩ ትንሹን ባትሪ ሞላው። ዳሽቦርዱ ቦግ ሲል ልጁ አቀፈው። እሱ ግን ወደ ብርቱካናማው ገመድ እንዳየ ቀረ። «አልነካንህም» አለው፤ ሰው እንደሚያናግር።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ጋሼ ቅዱስ መስሎ ታየኝ። አይደለም። ቀጥሎ ያለው ለዚያ ነው ከብዶኝ የቆየው።

በ2016 መጨረሻ ጎኑን መያዝ ጀመረ። ስናየው እጁን ያነሳል። ካፖርቱ ሰፋው። ባለቤቱ «ሐኪም» ስትለው «ሲበርድ» ይላታል። እህቴ ነርስ ናት፤ እየመጣች ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች። እኔም ሄድኩ። ለደንበኞቹ ሲናገር የሰማሁትን መለስኩለት፤ «የዘይቱ ቀይ መብራት ከበራ አንድ ሜትር አትንዱ፣ እዚያው አቁሙ ትላለህ አይደለም? በርቷል እኮ ጋሼ።» ፈገግ አለና «የአሮጌ መኪና መብራት ዝም ብሎ ይበራል፤ ሽቦው ነው» አለኝ። ይህን ለደንበኛ ብሎ አያውቅም። አንድም ቀን።

እጁን መሰብሰብ የሚችል ሰው፣ ፈርቶ እጁን የሰበሰበ ዕለት ከውጭ ሲታይ ያው ነው። ለስምንት ወር ልዩነቱን ለማየት ስሞክር ነበር፤ ያየሁ ቀን ደግሞ አፌን ሞልቼ ልናገረው አልቻልኩም። «ፈርተሃል» ማለት ነበረብኝ። ጋሼን ፈራህ ማለት እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው፣ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ ትንሽ ዝም አለና ቀስ ብሎ ለእኔ ብቻ፣ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ሊከፈት ይችል እንደነበር ነገረኝ። አሁን ግን አይከፈትም።

ሚያዝያ 2017 ላይ ነው ያረፈው። ቤቱ፣ አልጋው ላይ፤ ወጨጫ በመስኮት ይታያል፤ ጥርት ያለ ቀን ነበር።

ላንድሮቨሯ ለእኔ ደረሰች። ጋራዡ ተከራይቷል፤ እሷ ግን ከእኛ ግቢ ውስጥ ከኮክ ዛፉ ሥር ቆማለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ አስነሳታለሁ። ከክረምት ወዲህ ከላይ፣ ከቴስታታው በኩል፣ ጣ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ጀምራለች። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የቫልቭ ክፍተት ነው፤ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አንዱ ሰፍቷል። መለኪያውም የእሱው ነው፤ እንደ መጽሐፍ የሚገለጡት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ከነዘይታቸው በሳጥኑ ውስጥ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ኮፈኑን እያነሳሁ፣ እያዳመጥኩ፣ መልሼ ዘግቻለሁ። ለባለቤቴ «ሲበርድ» እላታለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ሻይ ይዤአለሁ። መቼ ጀመረ? ሐምሌ። ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ሁለቱም ላይ። ማን ነካው? ከሱ ወዲህ ማንም። መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ሌሊቱን አድሮ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሻዩን ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጥኩና የላይኛውን ክዳን የመጀመሪያ ዳዶ ፈታሁት።